ሰዓቱ ያላየው ዘይት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ቁመቴ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ አሁን 88 ኪሎ ነው። በቅርቡ በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሬ 114 ሆኖ ሐኪሙ ክብደት እንድቀንስ ነገረኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የእጅ ሰዓትና ሲቆሙበት ስብ የሚለካ ሚዛን ላከልኝ። ሰዓቱ በቀን ወደ 2,950 ካሎሪ አቃጥላለሁ ይላል፤ የምበላውን በስልኬ እየመዘገብኩ ከ2,300 አላልፍም። ሦስት ወር እንዲህ ቆይቼ ግን ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። የተበላሸው ሰዓቱ ነው ወይስ ሰውነቴ? ታይዋን ገበያ ውስጥ ሳይወጋ ስኳር የሚለካ ሰዓት አይቻለሁ፤ ልግዛው? ወንድሜስ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ ቢልክልኝ ይጠቅመኛል? አልደብቅዎትም፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ። የ16 ዓመት ልጄም ሰዓቱንና ሚዛኑን ከእኔ በላይ ወዳቸዋለች።»

ሰዓቱም ሰውነትዎም ደህና ናቸው። የተሳሳተው መዝገቡ ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በእርስዎ ቋንቋ ልናገር፦ ገቢው ከተመዘገበው በላይ ነው፣ ወጪው ከተመዘገበው በታች ነው፣ ልዩነቱ ወገብዎ ላይ ተቀምጧል።

ከወጪው እንጀምር። ሰዓቱን አውልቀው ጀርባውን ቢያዩት አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ያገኙታል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚበዛ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ቆጥሮ የልብ ምት ያወጣል። በውስጡ ሌላ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የእጅ መወዛወዝን እርምጃ ብሎ ይይዛል። የሚለካው ይህንኑ ነው። ካሎሪን የሚለካ ምንም ነገር በውስጡ የለም። ከልብ ምቱ፣ ከእንቅስቃሴው፣ እርስዎ ካስገቡለት ዕድሜና ክብደት ተነሥቶ ይገምታል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። በልብ ምት ረገድ ስድስቱ ስሕተታቸው ከ5 በመቶ በታች ሆነ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው በ27 በመቶ ሳተ፣ ከሁሉ የባሰው በ93 በመቶ።

አሁን የእርስዎን እንሥራ። ክብደትዎን በ10፣ ቁመትዎን በ6.25 አባዝተው ይደምሩ፤ ዕድሜዎን በ5 አባዝተው ይቀንሱ፤ ለወንድ 5 ይጨምሩ። 880 ሲደመር 1,075፣ ሲቀነስ 215፣ ሲደመር 5፤ 1,745 ይሆናል። ይህ ተኝተው ቢውሉ እንኳ ሰውነትዎ የሚፈልገው ነው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህ በ1.3 ወይም በ1.4 ይባዛል፤ ከ2,270 እስከ 2,440 ገደማ። ይህም ግምት ነው፤ ቢያንስ ግን ሰው በሞቀውና በመረቀነ ቁጥር ከፍ አይልም። ሰዓቱ ከዚህ ላይ ከ500 እስከ 700 ካሎሪ ጨምሮልዎታል፤ ይህም ለእንዲህ ያለ መሣሪያ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሰዓቱ ድሬዳዋን አያውቃትም። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተኛች ሞቃት ከተማ ውስጥ ልብ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይገፋል፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ምቱ ይጨምራል። ጫቱ ደግሞ አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ባሕርዩ ከአምፌታሚን የሚቀራረብ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምንጣፍ ላይ ተጋድመው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ምርቃናው ሲመጣ ልብዎ በደቂቃ መቶ ቢደርስ ሰዓቱ ስለ ምርቃናው ምን ያውቃል? ሰውየው ፈጠን ብሎ እየሄደ ነው ብሎ ያስባል። ቅጠሉን ከእንጨቱ ሲቀነጥሱ የሚወዛወዘው እጅም ጥቂት እርምጃ ያስመዘግባል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከሳቢያን እስከ ከዚራ በባጃጅ ሄጄ ስወርድ ሰዓቴ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል። ከባጃጁ መንቀጥቀጥ በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ልምድ ዛሬውኑ ይተዉ፦ «ሰዓቱ ይህን ያህል አቃጥለሃል ስላለኝ ይህን ያህል ልበላ እችላለሁ» ማለትን። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ይጥላል። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆኑ 471 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር ያገኙ ነበር፤ ከፊሎቹ በተጨማሪ እንቅስቃሴ የሚቆጥር መሣሪያ ክንዳቸው ላይ አሰሩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መሣሪያ ያልነበራቸው በአማካይ 5.9 ኪሎ፣ መሣሪያ የነበራቸው 3.5 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ጥናቱ ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልፈታውም። እኔ ግን በምክር ክፍሌ ውስጥ ዘወትር የማየው «ዛሬ ብዙ ተራምጃለሁና ይገባኛል» የሚለውን ሒሳብ ነው።

ወደ ገቢው ልለፍ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። በሦስት ወር ሁለት ኪሎ ለመጨመር ምን ያህል ትርፍ ያስፈልጋል? አንድ ኪሎ ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ነው። ሁለቱ 15,400፤ ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 171። አንድ እፍኝ የባቢሌ ለውዝ ማለት ነው፤ 30 ግራም ቢሆን ነው። በርጫ ላይ ለውዙ ከመካከል ተቀምጦ ሁሉም እጁን ሲሰድ እርስዎ ስንት እፍኝ በስልክዎ መዘገቡ?

ሐሰተኛ ነዎት ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት «ትንሽ እየበላሁ ክብደቴ አልቀንስ አለ» የሚሉ ሰዎችን በጥንቃቄ ለካ። የሰውነታቸው የማቃጠል አቅም እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አግንነው ነበር የተናገሩት። እነዚያ ሰዎች የሚበሉት በየራሳቸው ሳሕን ነበር። እኛ ደግሞ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከእንጀራው የትኛው ጠርዝ የእርስዎ ነበር? እናትዎ ያጎረሱዎት ጉርሻ በስልኩ ዝርዝር ውስጥ በየትኛው ስም ይገባል? የስልኩ መዝገብ «ወጥ፣ አንድ ጭልፋ» ብሎ ሲያስገባ ያ ጭልፋ የማን ቤት ጭልፋ ነው?

ስለዚህ ለእንግዶቼ ሁሉ የምሰጠውን መለኪያ ልስጥዎ። ሳሕኑን ትተው የዘይት ጠርሙሱን ይለኩ። አዲስ ሊትር ዘይት በተከፈተ ቀን በጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን ይጻፉ፤ ባለቀ ቀን ደግሞ ያሰሉ። አምስት ሰው በሚበላበት ቤት አንድ ሊትር በአራት ቀን ካለቀ በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ከ400 ካሎሪ በላይ ነው። ይህ ከእንጀራው፣ ከሥጋው፣ ከፓስታው ውጭ ነው። ያንኑ ሊትር ሰባት ቀን ቢያዘልቁት በቀን ወደ 240 ይወርዳል፤ ማንም ሰው ከገበታው ሳይነሣ፣ ማንም ሰው የተለየ ምግብ ሳይሠራለት። በቤትዎ ወጥ የሚሠሩት ሌላ ሰው ከሆኑ ደግሞ ቀኑ የተጻፈበትን ጠርሙስ ማሳየት «ዘይት አታብዙ» ብሎ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ጠዋት ከቤት ውጭ የሚበሉት ፈጢራ ግን ከዚህ ጠርሙስ አይወጣም፤ እሱን በሳምንት ከአንድ ቀን አያሳልፉት።

ሁለተኛው መለኪያ የሻይ ማንኪያ ነው። በርጫው ላይ አራት ብርጭቆ ሻይ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በመጨረሻም አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ እንበል። አንድ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ሻዩ 48 ግራም፣ ለስላሳው 30 ግራም ገደማ፤ በድምሩ ከ75 ግራም ያላነሰ ስኳር፣ 300 ካሎሪ የሚያህል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ለእርስዎ ከ60 ግራም በታች ማለት ነው። እራት ሳይቀርብ ገደቡን አልፈውታል።

ስለ ጫቱ ልገሥጽዎ አልተቀመጥኩም፤ የጠየቁኝ ስለ ክብደት ነው። ከክብደት አንጻር ችግሩ ቅጠሉ ሳይሆን አካሄዱ ነው። ሲቅሙ ረሃብ ይጠፋል፣ ምሳው ጠብታ ይሆናል ወይም ይዘለላል፣ ጣፋጩ ይገባል፣ ገራባው ተጠርጎ ምርቃናው ሲወርድ ማታ አራት ሰዓት ላይ የቀኑ ሁሉ ረሃብ አንድ ላይ ይመጣል። ከዚያም እንቅልፍ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቺካጎ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣቶችን ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲያስተኛቸው ረሃብን የሚያነሣሣው ሆርሞን በ28 በመቶ ጨምሮ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው በ18 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ሙሉ በሙሉ ካልተዉት የሚከተለውን ያድርጉ፦ ምሳዎን ሳይጠግቡ ወደ በርጫ አይሂዱ፤ ሻዩን ያለ ስኳር ወይም በአንድ ማንኪያ ያድርጉት፤ የለውዝ ድርሻዎን አስቀድመው በእጅዎ ዘግነው ለብቻ ያስቀምጡ፤ በምሽቱ አንድ ሰዓት ይነሡ። የደም ግፊትዎንም በቅርብ ጤና ጣቢያ ያስለኩ፤ በሚቅሙበት ቀንና በማይቅሙበት ቀን።

ሰዓቱን ታዲያ ልጣለው ወይ ይሉኝ ይሆናል። አይጣሉት። የካሎሪውን ገጽ ይዝጉትና ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ሰዓት ሳልነሣ ተቀመጥኩ፣ ከባለፈው ሳምንት ይልቅ ተንቀሳቅሻለሁ ወይ? እርምጃ ሲቆጥር ቢሳሳትም የሚሳሳተው በየሳምንቱ በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ የዛሬውን ሳምንት ካለፈው ጋር ማወዳደር ይቻላል። የእንቅልፍ ደረጃ ብሎ በቀለም የሚያሳየውን ግን አይመኑት፤ የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት ብቻ ይውሰዱ። 10,000 እርምጃ የሚለውም ከሐኪም የመጣ ትእዛዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ እርምጃ ቆጣሪ የተሸጠበት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 72 በሆነ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አንሶ ተገኝቷል፤ ጥቅሙም ከ7,500 ገደማ በኋላ ብዙም አልጨመረም። እርስዎ ፀሐይ ሳትከርር ጠዋት በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ይሂዱ። 150 ደቂቃ ሆነ። ይህን ቁጥር ከባዶ አላመጣሁትም፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣውና እንደ እርስዎ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 3,234 ሰዎችን ባካተተው የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተነሡት ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። ለእርስዎ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ነው። የወጣትነት ቀበቶዎን ቀዳዳ ማንም አልጠየቀዎትም።

ሚዛኑ በእግርዎ በኩል በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል። ውኃ ያሳልፈዋል፣ ስብ ያስቸግረዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ስብዎን ይገምታል። በድሬዳዋ ሙቀት አልቦት፣ ውኃ ሳይጠጣ የወጣበት ሰው ስቡ የጨመረ ይመስላል፤ በሰውነቱ ብዙ ውኃ የያዘ ደግሞ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የስቡን በመቶኛ ይርሱት። ኪሎውን በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑና አማካዩን ብቻ ይጻፉ። ጨው የበዛበት እራት ብቻውን በማግሥቱ አንድ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ውኃ ነው፣ ይወጣል። ልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለበት ሰው ቤትዎ ቢመጣ በዚህ ሚዛን ላይ አይቁም።

ከሁሉም የምወደው መሣሪያ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሐረር ሲወጡ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ጎራ ብለው ከሰፊዎቹ ይጠይቁ፤ የት እንደሚገኝ ይነግሩዎታል። ወገብዎን በእምብርትዎ ከፍታ፣ ትንፋሽዎን ካወጡ በኋላ፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ። ግቡ ከቁመትዎ እኩሌታ በታች ነው፤ ለእርስዎ 86 ሴንቲ ሜትር። ጡንቻ እየጨመሩ ቦርጭ እየቀነሱ ከሆነ ሚዛኑ ዝም ሲል ሜትሩ ይናገራል።

ሳይወጋ ስኳር የሚለካው ሰዓት፦ አይግዙት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ አስታውቋል። በሰዓቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማየት ከፈለጉ ሻጩ ፊት ትራስ ላይ ወይም ሙዝ ላይ ያስሩት፤ ቁጥር ሊሰጥዎ ይችላል። ለእርስዎ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወስድ ጎረቤትዎ ግን በዚያ ቁጥር መጠን ቢያሰላ ሕይወቱን ሊያጠፋው ይችላል።

ወንድምዎ የሚለው ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሌላ ነገር ነው፤ እውነተኛ የሕክምና መሣሪያ ነው። ፀጉር የመሰለ ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ገብቶ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ይለካል። ከደሙ ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። እንደ ዓይነቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለእርስዎ ግን የዕለት መሣሪያ አይሁን። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ለትምህርት ቢለጥፉት አልቃወምም፤ ባዶ ሩዝ ሲበሉና ያንኑ ሩዝ ከሰላጣና ከምስር በኋላ ሲበሉ የስኳርዎን መጠን የሚያሳየው መስመር እንዴት እንደሚለያይ፣ በስኳር የተሞላው ሻይ መስመሩን እንዴት ሽቅብ እንደሚሰድደው በዓይንዎ ያያሉ። ይህ ከእኔ አሥር ምክር ይበልጣል። ነገር ግን ይህም መሣሪያ ዘይት አያይም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ስኳሩን ቀስ አድርጎ ስለሚያወጣው መስመሩ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ሰውየውም «ሳምቡሳ ተስማማኝ» ብሎ አምስት ይበላል። በክንድዎ ላይ ተኝተው ከነቁ ደግሞ ሌሊት ስኳርዎ የወረደ አስመስሎ ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ መጫን ነው እንጂ መውረድ አይደለም። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የማከማቻ ሙቀት ያንብቡ። ብዙዎቹ ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለባቸውም፤ ከሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የረሱት ይህ ተለጣፊ መለኪያ ወይም የስኳር መለኪያ ወረቀት ከዚያ በኋላ ለእውነት ዋስ አይሆንም።

ስለ 114ቱ አይሸበሩ፤ ግን አይተኙበትም። የስኳር በሽታ የሚባለው በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ሲገኝ ነው። ሐኪምዎ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ ያዝልዎ፤ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ ያሉት በጤናማውና በስኳር በሽታ መካከል ባለው ደረጃ ላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። ይህ ቁጥር ከሰዓቱ ቁጥር ሁሉ ይበልጣል።

የቀረችኝ ልጅዎ ናት። ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝ እርስዎ በመጨረሻ በአንድ መስመር ያለፉት ይህ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ገና እያደገች ነው፤ የእርስዎ 2,300 የእርሷ መለኪያ አይደለም፣ የእርስዎ ጦርነትም የእርሷ አይደለም። ሰዓቱን ለስፖርት ብትወደው ችግር የለውም። ነገር ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምትመዘን ከሆነ፣ ከገበታው «በልቻለሁ» እያለች የምትነሣ ከሆነ፣ በጾም ሰበብ ከጾሙ ውጭም የምትዘልል ከሆነ፣ የወር አበባዋ ከቀረ ወይም ቆማ ዓይኗ ከጨለመባት ሰዓት ሳያባክኑ ከእናቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። «ወፈርሽ»ም ሆነ «ከሳሽ» የሚል ቃል ከቤቱ ይጥፋ፤ የእርስዎንም ኪሎ በእራት ላይ አያንሡት። ሚዛኑን ዛሬ ማታ ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት፤ በሳምንት ሦስት ጠዋት ለሚያስፈልገው ሰው ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ይሁን።